ድራማውን ያስታረቁት ሽማግሌ

የቋንቋና ኪነ ጥበብ ክበብ አባል የሆንኩት ጥበብ ጠርታኝ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሁሉ አንድ ክበብ መያዝ ነበረበት። የጤና ክበብ ሞልቷል ተባለ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሥራው ችግኝ ውኃ ማጠጣት ነው፤ እኔ ደግሞ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃ ውኃ ተሸክሜያለሁ። የቀረው ይኼ ነበር። መጽሐፍ እወዳለሁ፣ ዝምታ እወዳለሁ፤ ክበቡ ውስጥ ሁለቱም እንደሌሉ የገባኝ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው።

መርሳ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እኩዮቼ የሆኑ የሰፈሬ ሴቶች የልጆቻቸውን ደብተር ይሸፍኑ ነበር። እኔ የራሴን እሸፍናለሁ። የክፍሌ ልጆች "እታለም" ይሉኛል። እታለም እኛ ዘንድ ታላቅ እህት ናት፤ እነሱ ግን ሲጠሩኝ አንድ እግራቸው አክብሮት ላይ፣ ሌላው ፌዝ ላይ ነበር። የትኛው እንደሚበዛ ለመለየት አልደከምኩም። የመጣሁት ለትምህርት ነው።

የምንሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ መስታወቱ በጦርነቱ ጊዜ ረግፎ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ። ነፋስ ሲመጣ ጆንያው ይርገበገባል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ምት የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነበር።

በክበባችን ግጥም አይነበብም፤ ይቃሰታል። አንባቢው ወረቀቱን በግራ እጁ ይይዛል፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ይልክና የሞተበት ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ከኋላው አንድ ልጅ በስልኩ የዋሽንት ድምፅ ይለቅቅለታል። ያ ዋሽንት የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ስለ እናት ሲነበብ ዋሽንት፣ ስለ ወባ ሲነበብ ዋሽንት፣ ፈተና መኮራረጅ መጥፎ ነው ሲባልም ዋሽንት። አንዴ ስልኩ መሐል ላይ ጠርቶ ዋሽንቱ ሲቋረጥ፣ አንባቢው እጁን ከደረቱ ሳያነሳ፣ ልጁ "አቤት፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እንባው ካቆመበት ቀጠለ።

ከጎናችን ያለው ክፍል የእንግሊዝኛ ክበብ ነው። እነሱ ደግሞ "የእንግሊዝኛ ቀን" የሚባል ነገር አላቸው፤ በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ካርቶን አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ግቢው ቀኑን ሙሉ ጸጥ ይላል። ለእኔ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። ክርክርም ያዘጋጃሉ፤ ርዕሱ ወይ "ከትምህርትና ከገንዘብ" ነው ወይ "ከከተማና ከገጠር"። ትምህርት ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ አሸናፊዎቹም አዳራሹን ለቀው ሲወጡ ዐረብ አገር ስለሚልክ ደላላ ያወራሉ።

የእኛ ክበብ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን ነበር። "ቲቸር" እንለዋለን። ወጣት ነው፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። መጽሐፍ ሲያነብ አይቼው አላውቅም፤ ስለ ማንበብ ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለእሱ ጽሑፍ ማለት መልእክት የሚጫንበት ጋሪ ነው። ማንም ምንም ጽፎ ቢያመጣ መጨረሻውን ገልጦ ያያል፤ መጨረሻው ላይ "ስለዚህ" የምትል ቃል ካገኘ ደስ ይለዋል።

አንድ ዓርብ እኔም ድራማ ጽፌ መጣሁ።

ስለ ድራማው ከመናገሬ በፊት ከየት እንደመጣ ልናገር። አባቴ ሲሞት ግራና ከምትባል መንደር ወረድ ብሎ ብርቱካንና ማንጎ የተተከለባት መሬት ነበረችው። ሁለቱ ወንድሞቹ በእሷ ተጣሉ። ዱላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገር ሳይያዝ አይነሳም። ታናሹ ያርሳታል፣ ፍሬውን ከታላቁ ጋር ይካፈላሉ፣ ለእናቴም ድርሻ ይሰጣታል ተባለ። ታላቁ አጎቴ አሁንም ፊቱ አልተፈታም። "ሚስቴ ታማለች፤ ቤቴ ሰው የለበትም" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዞር ብሎ እኔን አየና "እንግዲያውስ ይህቺ ልጅ ትሂድና ታግዝ፤ ለጊዜው ነው" አለ። የአጎቴ ፊት ተፈታ። ተመረቀ፣ ተበላ። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አላለችም፤ የጠየቃትም አልነበረም። "ለጊዜው" የተባለው የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ራሱን ችሎ ትምህርት ቤት እስኪሄድ ድረስ ቆየ። ያንን ልጅ በር ላይ አድርሼ የምመለሰው እኔ ነበርኩ።

ያ እርቅ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይወራል። "እንዲያ ያለ እርቅ ታይቶ አይታወቅም" ይላሉ። እኔም አልክድም፤ ለተቀመጠበት ሰው ሁሉ ያማረ ነበር።

ድራማው ይኼው ነው፤ መጨረሻው ብቻ ሌላ ነው። በእኔ ድራማ ውስጥ ልጅቱ "አልሄድም" ትላለች። እሷ ካልሄደች እርቁ የሚያዝበት ነገር ስለሌለው አጎቶቿ ሳይታረቁ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይወጣሉ። ልጅቱ ደብተሯን ታመጣለች፣ እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች፣ የጀመረችውን የቤት ሥራ ትቀጥላለች። በቃ። ያንን መጨረሻ ለማግኘት ነው የጻፍኩት። የቀረውን ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ቲቸር እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አየ።

"እሺ፣ ጥሩ ሙከራ ነው፤" አለ። "ግን መልእክቱ ምንድን ነው?"

"መልእክት የለውም። የሆነ ነገር ነው።"

"እንዴ እታለም!" አለ የክበቡ ሰብሳቢ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ማይክ የሚናገር፣ ማይክ ሲያጣም ማይክ እንደያዘ ሰው የሚናገር ልጅ። "ሁለት ወንድማማቾች እንደተኳረፉ ሊቀሩ ነው? ሕዝቡ ምን ይላል?"

"ተኳርፈው ቀሩ ይላል።"

"ኧረ እኔስ ወደድኩት!" አለች ከዘጠነኛ ክፍል አንዲት ማስቲካ የማትለያት፣ ምላሷ የሾለ ልጅ። "ልጅቱን እኔ ልሁን ቲቸር። እንዲህ ነው የምላቸው፤ 'አልሄድም! ከፈለጋችሁ እናንተ ሂዱና እርስ በርስ ልብስ ተጣጠቡ!'"

"እንደዚያ አልተጻፈም፤" አልኳት።

"እሺ በቃ፣ የተጻፈውን እላለሁ። አትቆጪ።"

ቲቸር መጨረሻውን ሊያስቀይረኝ ሞከረ፤ አልቀየርኩም። የወላጆች ቀን ደርሶ ሌላ ድራማ ስላልነበረ ብቻ የእኔ አለፈ። ሰብሳቢው ታላቁን አጎት ሆነ። እናትየዋን ማን ይሁን ሲባል ቲቸር ክፍሉን መቃኘት እንኳ አላስፈለገውም።

"አንቺ ሁኚ። ዕድሜሽም ይሄዳል። ደግሞ ንግግር የላትም አይደል? ለአንቺ ይመቻል።"

እውነቱን ነው፤ ንግግር አልሰጠኋትም። ስትናገር ስላልሰማሁ ከየት አምጥቼ እሰጣታለሁ? ሰፌድ ይዤ ምስር እየለቀምኩ መድረኩ ጥግ ላይ ልቀመጥ ተስማማሁ። ቢያንስ የጻፍኩትን ከቅርብ እጠብቃለሁ ብዬ ነው።

የወላጆች ቀን ሜዳው ላይ ድንኳን ተጣለ። ወንበሩ ላይ ሽማግሌዎችና እንግዶች፣ አግዳሚው ላይ እናቶች፣ የቀረው ሰው ቆሞ። እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር መጥታለች። መጀመሪያ ስለ ሰላም ተቃሰተ፣ ከዚያ ስለ እናት ተቃሰተ፣ ከዚያ ስለ መምህር ተቃሰተ። ቀጥሎ የእኛ ተራ ሆነ።

መቼም አልዋሽም፣ ጥሩ ሄደ። ሰብሳቢው ማይክ ስላልያዘ እንደ ሰው ተናገረ። ሕዝቡ ከአጎቶቹ ጋር መከራከር ጀመረ፤ "ተው እንጂ!" "አባቷ በሕይወት ቢኖር!" የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ልጅቱ ማስቲካዋን ጉንጯ ሥር ሸጉጣ "እኔ አልሄድም፤ ትምህርት አለኝ" አለች። አጎቶቹ ተያዩ። ጀርባቸውን ተሰጣጡ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ መራመድ ጀመሩ።

"ቁሙ!"

ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። በወረዳችን በሀብሩ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። አበጋር ናቸው፤ አበጋር ማለት ደም የተቃባ፣ ድንበር የተጋፋ፣ ባልና ሚስት የተለያየ ሁሉ ደጃቸው የሚሄድ አስታራቂ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጥላቸዋል። ሁለቱ ልጆች ባሉበት ቆሙ። እኚያ ሰው ቁሙ ብለው ያልቆመ ሰው አላጋጠማቸውም መሰለኝ።

"ወዴት ነው እንዲህ ተኳርፋችሁ? እኛ እዚህ ተጎልተን እያየን?"

ሰብሳቢው አንገቱን ሰበረ። "አባባ፣ ድራማ እኮ ነው።"

"ድራማም ቢሆን!" አሉ። "ሕፃን እያየ! ሁለት ወንድማማች ጀርባ ተሰጣጥቶ ሲሄድ አይቼ እኔ ዛሬ ቤቴ ገብቼ እህል ልቀምስ ነው?"

"ልክ ነዎት!" አሉ ጋቢ የለበሱ ሌላ ሽማግሌ፣ እሳቸውም ተነስተው። "እንዲህ ተጣልቶ አይኬድም። ነውር ነው።"

መድረኩ ላይ ወጡ። ወንበር መጣላቸው። ቲቸር ከድንኳኑ ጎን እጁን ሊያነሳ ሲል ርዕሰ መምህሩ በዓይናቸው መለሱት፤ ማን ነው አበጋር ተቀምጦ እያለ "የተመደበልዎ ሰዓት አልቋል" የሚለው? ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አጎቶች ግራና ቀኝ አስቀምጠው ነገሩን ይጠይቁ ጀመር። መሬቷ የማን ነበረች? ማን ነው የሚያርሳት? ውኃው በየት ይመጣል? ውኃው በእኔ ድራማ ውስጥ የለም። ታናሹ አጎት የሆነው ልጅ ግን ሳያቅማማ "ከላይ ከወንዙ በቦይ ነው አባባ" አለ። ሰብሳቢውም ነገሩ ያዘውና፣ ስለ ራሱ የሚናገር ይመስል፣ "እኔ እኮ መሬቷን አይደለም" አለ፤ "ሚስቴ ታማለች፤ ቤቴ ሰው የለበትም።"

ይህቺኛዋ የጽሑፌ ቃል ናት። የሰፌዱን ጠርዝ ያዝኩ።

አበጋሩ ዞር አሉ፤ ልጅቱን አዩዋት። በፍቅር ነው ያዩዋት፤ ክፉ ሰው አይደሉም። "እንግዲያውስ ልጄ፣ ሄደሽ አግዣቸው። ለጊዜው ነው። ትምህርቱ የትም አይሄድም" አሉ። ያቺ ምላሷ የሾለ ልጅ ማስቲካዋን ዋጠችና "እሺ አባባ" ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አጎቶቹ ተቃቀፉ። አበጋሩ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ አንድ ያድርጋችሁ፣ ቤታችሁን ይሙላው" ሲሉ ግማሹ ሕዝብ "አሚን!" ግማሹ "አሜን!" አለ፤ አግዳሚው ላይ ያሉ እናቶች በእልልታ አቀለጡት። እናቴንም አየኋት። ተነስታ ቆማ እልል ትላለች።

እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው። እናትየዋን የጠየቃት ሰው የለም። ድራማ ውስጥ ሆኖም፣ በሺህ ሰው ፊት ሆኖም፣ ዘወር ብሎ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ያላት አንድ ሰው የለም።

ቲቸርን ስለዚያ ቀን ብወቅሰው ይበቃኝ ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ በላይ አበዛልኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ዓይኑ እያበራ መጣ።

"ይኼ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? አሳታፊ ቴአትር ይባላል! ወልድያ ለሚካሄደው የዞን ውድድር ይህንኑ ነው የምናቀርበው።"

"የትኛውን?" አልኩ።

"ከነሽማግሌው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ የጥጥ ጺም ለጥፎ ተመልካቹ መሐል ይቀመጣል። አጎቶቹ ሲለያዩ "ቁሙ!" ብሎ ይነሳል፣ ያስታርቃል፣ ይመርቃል። እውነተኛው ሽማግሌ ከልባቸው ያደረጉትን፣ የእኛ ክበብ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሊደግመው ነው። ሽማግሌው እንዲሆን የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? ዋሽንት የሚለቅቀው ልጅ። ምርቃቱ ላይ ዋሽንቱ ስለሚያስፈልግ ስልኩን በጋቢው ውስጥ ይዞ እንዲወጣ ተወሰነ።

"ልጅቱስ?" አልኩ።

"ልጅቷማ መሥዋዕትነት ትከፍላለች። መልእክቱ እሱ አይደል? ለቤተሰብ ሰላም ሲባል የሚከፈል ዋጋ።"

"እሷ መቼ ከፈለች? ሌሎች ናቸው የከፈሉባት።"

"እታለም፣ አንቺ ነገር ታጠብቂያለሽ፤" አለ ሰብሳቢው። "ሕዝቡ እልል ብሏል እኮ! ያንቺም እናት እልል ስትል አይቻለሁ።"

 ድራማው የእኔ ስለሆነ አይቀርብም አልኩ፤ ቲቸር "ክበቡ ውስጥ የተጻፈ የክበቡ ነው" አለ። ሚናዬን ትቼ ልወጣ ብል ሌላ ሴት ሰፌዱን ይዛ ትቀመጣለች፤ ለመቀመጥና ዝም ለማለት ልምምድ አያስፈልግም። እናም ሄድኩ። የሠራሁትን ነገር ሲያበላሹት ቢያንስ ዓይኔ እያየ ይሁን ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ወልድያ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ደጁ ላይ ባጃጆቹ ይንጫጫሉ። ከእኛ በፊት የቀረቡትን ሁሉ አየሁ። በአንዱ ድራማ የአረብ አገር ስደተኛ ሞተ፣ በአንዱ ሱሰኛ ሞተ፣ በአንዱ እናቱን ያልሰማ ልጅ ሞተ። የሞቱት ሁሉ ከመሞታቸው በፊት ተነስተው ለወጣቱ ምክር ሰጡ። ዋሽንቱ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የዞኑ ሁሉ ነው።

ተራችን ሲደርስ ጥጌ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም እንደ ልምምዱ ሄደ። ልጅቱ "አልሄድም" አለች፣ አጎቶቹ ዞሩ፣ ከሦስተኛው ረድፍ የጥጥ ጺም "ቁሙ!" አለ። ሕዝቡ ዞር ዞር አለ። አንዳንዱ ለአፍታ አምኖ "እሰይ አባቴ!" አለው። ጺሙ በአንድ በኩል ተላቆ አገጩ ላይ ይወዛወዛል፤ በአንድ እጁ ይደግፈዋል። ወደ መድረክ ወጣ። ጠየቀ። ሰብሳቢው "ሚስቴ ታማለች፤ ቤቴ ሰው የለበትም" አለ። የጥጥ ጺም ወደ ልጅቱ ዞረ።

"እንግዲያውስ ልጄ፣ ሄደሽ አግዣቸው። ለጊዜው ነው።"

ልጅቱ "እሺ አባባ" ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት።

"አትሄድም፤" አልኩ።

ጮክ ብዬ አይደለም። ጮክ ብዬ መናገር አልችልም። መድረኩ ጥግ ላይ ማይክ ተሰቅሎ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማው። እጄ ምስሩ ውስጥ ነው። የጥጥ ጺም ግራ ገባው፤ እሱም ያው ሥርዓት የተማረ ልጅ ነውና በአክብሮት ጠየቀኝ።

"ምን አሉ እማማ?"

የጠየቀኝ እሱ ነው። በመጨረሻ የጠየቀ ሰው ተገኘ፤ ጺሙን በእጁ የያዘ።

"ልጄ አትሄድም አልኩ። እርቃችሁን በሌላ ነገር እሰሩት።"

ሰብሳቢው ወደ ቲቸር አየ፤ ቲቸር ከመጋረጃው ኋላ እጁን እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ያወናጭፋል። እርዳታ ከዚያ ሲያጣ፣ ሰብሳቢው ከልቡ ተናደደ። "ሴትዮ! በሽማግሌ ፊት!"

ይኼንን ማንም አልጻፈለትም። ከዚያ የተሻለ ቃል ግን እኔም አልጽፍለትም ነበር።

"በሽማግሌ ፊት ነው የተናገርኩት፤" አልኩት። "ሰምተውኛል።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከመሐል አንዲት ሴት "ደግ አደረገች!" ብላ ጮኸች። "ኧረ ምን ደግ አለው፤ ቤት ልታፈርስ ነው እንጂ!" አለ አንድ ወንድ። "የማን ቤት? የእሷ ልጅ እኮ ናት!" "አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ እንይበት!" አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። የጥጥ ጺም ምን እንደሚያደርግ ስላልተነገረው፣ ከመድረኩ ወርዶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። በጋቢው ውስጥ ዋሽንቱ ሳይታሰብ ጀመረ፤ ደንግጦ አጠፋው። አጎቶቹ የሚቆሙበት ምክንያት አልቀረምና፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ወጡ። ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ መሐል ላይ ቆመች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ የተጻፈውን አደረገች፤ ደብተሯን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

ዳኞቹ አስተያየት ሲሰጡ "የመርሳዎቹ ጥሩ ጀምረው ነበር" አሉ። "እናት ሆና የሠራችው ግን ጽሑፏን ረስታ ከመስመር ወጥታለች፤ በዚህም ምክንያት መልእክቱ ተበላሽቷል።" ደረጃ አላገኘንም። እስቲ አስቡት፤ አንድም ቃል ያልተጻፈላት ሴት ጽሑፏን ረሳች።

ስንወጣ ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ይከራከራል። አንዱ ጎልማሳ ሚስቱን "ያቺ ልጅ ብትሄድ ምን ትሆናለች?" ይላታል። "አንተ ሂድላቸዋ!" ትለዋለች። ሌላ ድራማ አይቶ የወጣ ሰው እንዲህ ሲል አልሰማሁም፤ ሌላውን ድራማ ያየ ሰው የሚያወራው ስለ ምሳ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲሪንቃ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን፣ ቲቸር ከፊት ወንበር ሳይዞር "የሠራሽውን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ዋንጫ ነበር እኮ! የዓመት ልፋታችንን ነው ያፈረስሽው።"

"እኔ እኮ የተጻፈውን ነው የመለስኩት።"

"ለመሆኑ ማን ፈቀደልሽ?" አለ ሰብሳቢው። "እናትየዋ ንግግር የላትም!"

"አሁን አላት፤" አለች ከኋላ ልጅቱ። አዲስ ማስቲካ ጀምራለች። "እኔስ ተገላገልኩ። ያንን ጉልበት ስስም ጥጡ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባብኝ ነበር።"

በሚቀጥለው ዓርብ ገመገሙኝ። ግምገማ የሚባለውን ነገር ክበቡ ከድራማ አብልጦ ይችልበታል። "የግለኝነት ዝንባሌ" ተባልኩ፣ "የቡድን ሥራ አለመውደድ" ተባልኩ፤ ሁለተኛው እውነት ነው። ወደ አካባቢ ጥበቃ ክበብ ተዛወርኩ። ውኃ ማጠጣቱ እንደፈራሁት አልነበረም፤ ችግኝ ቢያንስ አይቃስትም።

ያን ቀን ግን ከወልድያ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እናቴ መንገድ ዳር ከምትሸጥበት ቦታ ተነስታ የቀራትን ፓፓያ ወደ ቤት እያስገባች አገኘኋት። አንዱን ቅርጫት ተቀበልኳት።

"እንዴት ሆነላችሁ?" አለችኝ።

"አላሸነፍንም።"

"ያ ሽማግሌ የሆነው ልጅ አበላሸ?"

"እሱ ደህና ነበር። እናትየዋ ተናገረች።"

ቅርጫቷን አስቀመጠች። "የትኛዋ እናት?"

"የልጅቱ። ትሂድ ሲሉ 'ልጄ አትሄድም' አለች።"

"ሽማግሌ ተቀምጦ?"

"ሽማግሌ ተቀምጦ።"

እናቴ አንድ የበሰለ ፓፓያ አንስታ አገላበጠችው፤ ለነገ እንደማይደርስ አይታ ለብቻው አደረገችው። ሌላም አነሳች። ሌላም።

"እና ሰሟት?" አለች፣ ሳታየኝ።

"ሰሟት።"

"ልጅቱስ ምን አለች?"

"ምንም አላለችም። ደብተሯን አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "በይ ቢላዋ አምጪ፤" አለችኝ፣ "ይኼን እንብላው።"